ከሳተላይቱ ግርጌ የተተከለች ዱላ

ማለቂያ ላይ የሚቆም ሰው በዚህ ዓለም አይጠፋም። ድግስ ቢደገስ፣ ወጡ ሲሳሳ ገበታ የሚቀርብለት ሰው አለ። ሚኒባስ ቢሞላ፣ በሩ ጋ በግማሽ መቀመጫ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው አለ። ስብሰባ ላይ እንኳ ሁሉም ተናግሮ፣ ሁሉም ደክሞ፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ «አንተ ባጭሩ» የሚለው ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ዋናውን ነገር ይዞ የመጣው እሱ ነው። የሚከፈል ነገር ሁሉ ራስጌ አለው፤ ግርጌም አለው። ራስጌ ያለ ሰው ስለ ፍትሕ ሲናገር ድምፁ ያምራል። ግርጌ ያለው ብዙ አይናገርም፤ ዝም ብሎ የደረሰውን ያያል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ቆቦ ሜዳ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ አባት ነበርኩ። የውሃ አባት ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ የራያ ቆላ ሰዎች እኛ ላይ የዘነበውን ብቻ ጠብቀን ማሽላ አናበቅልም። ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ሲወርድ፣ በቦይ ጠልፈን ወደ ማሳችን እንመራዋለን። ማን በስንተኛው ተራ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ስንት ክንድ በሚሰፋ ቦይ እንደሚያጠጣ የሚወስነው በአገር የተመረጠ ሰው ነው። ይህ ሰው ደሞዝ የለውም። ስድቡ ግን በየጎርፉ ሳይዛነፍ ይደርሰዋል።

የውሃ አባት ሕጎች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን አንድ ነው፤ የግርጌው ሰው ሳይቆም ውሃ አይከፈልም። ከቦዩ መጨረሻ ያለው ገበሬ ክፍፍሉ ላይ በአካል መገኘት አለበት። ቀብር ቢሄድ ወይም ቢታመም ዱላውን ይልካል፤ ዱላው እንደ ሰው ቆሞ ይቆጠራል። ዱላ ለመላክም ካልቻለ የውሃ አባቱ የራሱን ዱላ ይተክልለታል። ያቺ ዱላ አንዴ ከተተከለች ባለማሳው ራሱ ወይም መልእክተኛው መጥቶ «ደርሶኛል» ሳይል አትነቀልም። እኔ አንድ ክረምት የሮቢቱ ጌታሁን ለለቅሶ ላስታ ሄዶ ሳለ ዱላዬን ተክዬለት፣ ድርሻው እንዳይነካ ስል የገዛ ወንድሜን የእንድሪስን ማሳ ሳላስጠጣ አሳልፌያለሁ። እንድሪስ አራት ወር አላናገረኝም። አራት ወር ከስድስት ቀን።

አዎ፣ እቆጥራለሁ። ራሴን ችዬ ጎጆ ስወጣ የነበረኝ አንድ በሬና አንድ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቴም አንድ በሬ ስለነበረው አቀናጅተን አረስን። ያለው ትንሽ የሆነ ሰው ካልቆጠረ ያንኑም ያጣል። ኋላ ነገሩ አመል ሆነ። ከቤቴ እስከ መስጊድ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ። ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚያልፈውን አውቶቡስ ቁጥር አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት ሰው ሲያለቅስ የድንኳን ምሰሶ ስቆጥር ተይዤ አፍሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጣቴን ሳላነሳ ነው የምቆጥረው። ሰፈሩ «ቆጣሪው ሰይድ» ይለኛል። መብራት ሲጠፋ እንኳ የማይቆም ቆጣሪ እሱ ብቻ ነው ይላሉ።

አምና ለዓረፋ ዘሐራ መጣች። ዘሐራ የዚያ የአራት ወሩ የእንድሪስ ልጅ ናት። እዚሁ ቆቦ ተምራ አዲስ አበባ ኢንጂነር ሆናለች። አባቷ ስለ ሥራዋ ሲጠየቅ «ሳተላይት ላይ ነው የምትሠራው» ስለሚል፣ ሰፈሩ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትወርድ ይመስለዋል። አንዲት ጎረቤታችን «ስትወርጂ ጆሮሽን አያምሽም ወይ?» ብላ ጠይቃታለች። ልጅቱም ጨዋ ናትና «ለምጄዋለሁ» አለቻት።

ለበዓል ትምጣ እንጂ ሥራው ተከትሏት መጥቷል። በበዓሉ ማግስት ልጠይቃት ስሄድ በአባቷ ግቢ ማንጎ ሥር ላፕቶፕ ከፍታ ተቀምጣለች። እኔም አጠገቧ ኩርሲ ስቤ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ካርታ አለ፤ በካርታው ላይ ደግሞ አገሩን ዙሪያውን የከበበ መስመር አለ። መስመሩ ክብ አይደለም፤ የስኳር ድንች ቅርጽ አለው፣ እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይሰረጉዳል። በውስጡ ሌላ መስመር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ መስመር አለ፤ በየመስመሩ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥር ሳይ እንደምትገምቱት መነጽሬን አወጣሁ።

ዘሐራ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ኔትወርክ ላልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች በሳተላይት ኢንተርኔት ሊገባላቸው ነው። ለየአንዳንዱ ቦታ አንድ ዲሽ ይተከላል። ሳተላይቱ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ጨረሩን ወደ ምድር ይልካል። የአሁኖቹ ሳተላይቶች አንቴና እንደ ድሮው አይደለም፤ ጨረሩ የትኛውን አገር እንደሚሸፍን ምድር ላይ ተቀምጦ እንደ ጭቃ መቅረጽ ይቻላል። እሷ የያዘችው ሶፍትዌር መቅረጫው ነው። መስመሩ ላይ ካሉት ትንንሽ ነጥቦች አንዱን በማውዝ ይዛ ስትጎትት መስመሩ ይከተላታል፤ ኮምፒውተሩ ጥቂት ያስብና ቁጥሮቹን ሁሉ እንደገና ያወጣቸዋል። የመጨረሻውን ቅርጽ በሦስት ቀን ውስጥ መላክ አለባት።

«ለምን አትለጥጪውም ታዲያ?» አልኳት። «ሁሉም ይድረሰው።»

«ኃይሉ የተወሰነ ነው አያ» አለችኝ። «ከፀሐይ የሚያገኘው ያው ነው። ሰፊ ቦታ ላይ ከበተንኩት ይሳሳል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ከሰበሰብኩት ይወፍራል። አንድ ቦታ ሳወጣ ሌላ ቦታ ይገባል።»

«ጎርፍ ነው በይኛ» አልኳት።

ዘሐራ እጇን ከማውዙ አንስታ አየችኝ። ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ የተማረችውን አንድ ሽማግሌ መነጽሩን ሳይጠርግ ጨረሰው አለችና ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ። እንኳን በእኔ ዕድሜ፣ በማንም ዕድሜ ቢሆን መወደስ ይጣፍጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ይሆናል።

በዚህ ደስታ ውስጥ ሆኜ ቆቦን ፈለግሁ፤ መስመሩ ውስጥ ነች። ሮቢት ውስጥ ነች። ዋጃ ላይ መስመሩ እላይዋ ላይ ተኝቶባታል። ከዚያ ዓይኔ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ ሄደ። በተራራው ግርጌ የእህቴ የሐዋ መንደር አለ። ቀይ ነጥብ ሆኖ ከመስመሩ ውጭ ተቀምጧል።

ስለ እህቴ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሷ ናት። እትዬ ሐዋ ታላቄ ናት፤ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ሞቷል። ያላት አንድ ልጅ ኑሩ አፋር ውስጥ የጨው መኪና ይነዳል፤ በዓመት አንዴ ይመጣል። በመንደሯ ስልክ አይሠራም። ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ ወዲያ ካለው የድንጋይ ኮረብታ አናት ላይ ነው። እህቴ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ያንን ኮረብታ ትወጣለች፤ ልጇ በዚያ ሰዓት ይደውላል። አንድ ጊዜ አብሬያት ወጥቼ ቆጥሬዋለሁ። ከደጇ እስከ ኮረብታው አናት አራት ሺህ ዘጠና እርምጃ ነው። መንገድ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀመጠች። ጉልበቷ አልቋል። ሐኪም ኮረብታውን ተይው ብሏታል፤ እሷ ግን ኮረብታውን ስትተው ልጇንም ትተወዋለች። በቅርቡ አንዲት ጎረቤቷ እዚያው ኮረብታ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ስለዚህ የመንደሩ ጤና ኬላ ዲሽ አገኘ ማለት እህቴ በሜዳ መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ ሄዳ ልጇን ታገኛለች ማለት ነው። አላገኘም ማለት ኮረብታው ነው።

ስለዚህ የምትጠብቁትን አደረግሁ። «ይቺን ነጥብ ወደ ውስጥ አስገቢያት» አልኳት። ዘሐራ የማን መንደር እንደሆነ ታውቃለች፤ እስካሁን ምንም ያላለችውም ለዚያ ነው። የመስመሩን ጫፍ ይዛ ወደ ዞብል ጎተተችው። መስመሩ እንደ ላም ምላስ ወጣ አለና የሐዋን መንደር ላሰ። ኮምፒውተሩ አሰበ። ቀዩ ነጥብ አረንጓዴ ሆነ። አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት፣ ዘሐራ ጣቷን ወደ ካርታው ታች ወሰደችው። እዚያ በደቡብ ጠረፍ፣ ቆላ ውስጥ፣ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች ቀይ ሆነዋል።

እነማን ናቸው ብዬ ጠየቅኋት። ስማቸው እሷ ዘንድ የለም። የተሰጣት ዝርዝር ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት እና ሰባት መቶ አሥራ ሦስት። የእኛስ ስንት ነው ብላት ሁለት መቶ ስድስት ነው አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ስቆጥር ኖሬ፣ ስቆጠር የመጀመሪያዬ ነው። ብዙም አይመችም።

ዘሐራ መስመሩን ወደ ነበረበት መለሰችው። «ይቅርታ አያ፤ እኔም እኮ ከእርስዎ በፊት ሞክሬዋለሁ» አለችኝ። እህቴ አክስቷ ናት፣ ያሳደገቻትም እሷ ናት ለማለት ትንሽ የቀረው ነው። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከራስ በላይ ነፋስ ይላል ተረቱ፤ ከነፋሱ በላይ ደግሞ ሳተላይት ኖሯል።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። በነጋታው ገበያ ላይ ጌታሁንን አገኘሁትና አጫወትኩት፤ ያንኑ የድሮ የግርጌ ሰው፣ የሮቢቱን። ወሬ እንዳያዛምት አስምዬዋለሁ ማለት አልችልም፤ ልቤ እንዲያዛምት ሳይፈልግ አልቀረም። ዘሐራን እኔ ደግሜ ባልለምናት ሌላው ይለምናት ብዬ ይሆናል። ሽማግሌ ራሱ የሚያፍርበትን ነገር በአገር ስም ማስለመን ይችልበታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእንድሪስ ግቢ ሞላ። አሥራ ሰባት ሽማግሌ ነው የመጣው፤ አሥራ አራት ዱላ፣ ሦስት ጃንጥላ። እንደ አገሩ ወግ በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል። ሳር ይዞ የመጣ ሰው እንዲሁ አይመለስም፤ ደም የፈሰሰበት ሰው እንኳ ሳር ሲያይ ይለዝባል። ለኮምፒውተር ሳር ተይዞ ሲለመን ግን እኔ እስከማውቀው የመጀመሪያው ነው። የዋጃ ሰዎች መስመሩ ገበያቸው ላይ ተኝቷልና ፈቀቅ ይበልልን ሊሉ መጡ። ከዞብል ግርጌ የመጡት እንዲያስገባቸው መጡ። የሮቢት ሰዎች ውስጥ ናቸው፤ ለምን መጣችሁ ቢባሉ እነዚህ ሲጎትቱ እኛ እንዳንወጣ ብለን ነው አሉ። መስመሩን ማሳ ከማሳ እንደሚለይ ድንበር ነው ያሰቡት። እኔ ራሴም ሳላውቀው እንደዚያው አስቤዋለሁ።

እትዬ ሐዋም መጣች። እስከ አስፋልቱ በበቅሎ፣ ከዚያ በባጃጅ። ሳር አልያዘችም። ጥግ ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

ዘሐራ ሁሉንም በየተራ ሰማች። ከዚያ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርጋ ወደ እነሱ አዞረችው፤ ጎትታ አሳየቻቸው፣ መልሳም አሳየቻቸው። እኛ ስንገባ እነማን እንደሚወጡም አዩ። ከዚያ የዋጃው አንዱ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እነዚህ ሰባት መቶ የምትያቸው ሰዎች የማን ዘመድ ናቸው አለ። አላውቅም አለችው። «ካላወቅናቸው ቀማናቸው አይባልማ» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሌላው ደግሞ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ተረተባት፤ ነገ ሌላ ሰው በዚህ ወንበር ሲቀመጥ የራሱን መንደር ነው የሚያስገባው፣ አንቺ ብቻ ምን ቤት ነሽ ማለቱ ነው። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እዚያው ብትጎትተው ኃላፊዎቿ ማስተዋላቸውም አይቀር፤ ሥራዋን ታጣለች። ባትጎትተው ደግሞ አሥራ ሰባት ሰው ሳሩን መሬት ላይ ጥሎ ይወጣል፤ አባቷም በዚህ አገር ፊቱን የሚያዞርበት አይኖረውም።

ጌታሁን ግን ወደ እኔ ዞረ።

«አያ ሰይድ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የፈረድህብን ሕግ ለውሃ ብቻ ነበር እንዴ?»

ይህን ሲለኝ ላስታ ለቅሶ የሄደበትን ክረምት እያስታወሰኝ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እንድሪስም ያውቃል፤ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እህቴን አየሁ። እህቴ እግሯን ነበር የምታየው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ ፈለግሁ። ሕጉ ለጎርፍ ነው ልል ነበር። ሰዎቹ ሩቅ ናቸው ልል ነበር። ግን የግርጌ ሰው ምንጊዜም ሩቅ ነው፤ ቅርብ ቢሆንማ ራስጌ ይባል ነበር። ተነሣሁ። ዱላዬ የወይራ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ይዣታለሁ። ከማንጎው ሥር፣ አፈሩ ልል በሆነበት፣ ሁለት ጊዜ ወግቼ ተከልኳት። «ይቺ የሰባት መቶ አሥራ ሁለት ናት» አልኩ። ለሰባት መቶ አሥራ ሦስት ሁለተኛ ዱላ አልነበረኝምና በአንዷ ይቁሙ አልኩ። ከዚያ ወዲያ መስመሩን ንኪ የሚል ሰው አልተገኘም። በእኛ አገር ዱላ የቆመለትን ሰው የለም ማለት አይቻልም።

እትዬ ሐዋ ያኔ ነው የተናገረችው። ድምፅዋን አልጨመረችም።

«ሰይዴ፣ ዱላህ ከጉልበቴ በለጠችብህ?»

ያቺን ኮረብታ ቆጥሬያታለሁ እኮ። በግቢው ካለነው ሁሉ መሀል ያንን ቁጥር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሰዉ ሊበተን ሳሩን ማስቀመጥ ሲጀምር ሐዋ ዘሐራን ጠራቻት። ላፕቶፑን ቅርብ አምጪልኝ አለቻት። ዘሐራ የመንደሯን ቀይ ነጥብ ካሳየቻት በኋላ ሐዋ መስመሩን በጣቷ ነካችው፤ ስክሪኑ ላይ ጣት ማሳረፍ ክልክል መሆኑን የሚነግራት ሰው አልተገኘም።

«ከዚህ ከመስመሩ ወዲያ ምንም የለም? ጨረሩ እዚህ ጋ ሲደርስ ይቆማል?»

ዘሐራ «አይቆምም አክስቴ። እየሳሳ ነው የሚሄደው» አለቻት። መስመሩ ግድግዳ አይደለም፤ ከዚህ ወዲያ ዲሹ አጥርቶ ለመያዝ ጨረሩ አይበቃውም የሚባልበት ቦታ ላይ የተጻፈ ምልክት ነው።

«እንግዲያ ዕቃው ነው ያነሰው» አለች ሐዋ። «እኔ አርባ ዓመት የግርጌ ሰው ነኝ። እኔ ጋ የሚደርሰው ውሃ ቀጭን ነው። ወንዶቹ ቦይ ይስፋልን ብለው ሲጣሉ እኔ ማሳዬ አፍ ላይ የውሃ መቀበያ ክትሬን አሰፋለሁ፤ ቀጭኑን ሰፊ ሆኜ እቀበለዋለሁ። ይኸ ዲሽ የምትሉት ሰፋ ብሎ አይሠራም?»

ዘሐራ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረች። ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ዲሽ ተብሎ ከላይ ተጽፎ ስለመጣላት ያንን ቁጥር ነክታው አታውቅም፤ ቀኑን ሙሉ የጎተተችው መስመሩን ነው። አሁን መስመሩን ትታ የሁለት መቶ ስድስትን ዲሽ ከፈተች። ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ ይላል። አንድ ሜትር ከሰማንያ ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ አሰበ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ቀዩ ነጥብ አረንጓዴ ሆነ። ታች ደቡብ፣ ሰባት መቶ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስትም በአረንጓዴነታቸው ቆዩ።

አሥራ ሰባት ሰው አንገቱን ወደ ስክሪኑ አሰገገ። ጌታሁን ብቻ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ አያ ሰይድ፣ ያን ሁሉ ስትቆጥር ክንድህን ብቻ ነው ለካ የቆጠርከው አለኝ። ልክ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የቦዩን ስፋት በክንዴ ስለካ፣ ግርጌ ያለችው እህቴ ማሳዋ አፍ ላይ ምን እንደምትሠራ ሄጄ አላየሁም። የውሃ አባት ሆኖ ውሃው የት እንደሚያርፍ አለማየት ይቻላል። ሥልጣን ማለት ምናልባት እሱ ነው።

ዘሐራ ቅርጹን ሳትነካ ላከች፤ ከመስመሩ ወጣ ላሉ ቦታዎች ሁሉ ሰፊ ዲሽ ይታሰብ የሚል ማስታወሻም አስከትላ ጻፈች። ለዋጃም ሠራ። ሽማግሌዎቹ ተመርቀው ተሸኙ። ከሁሉ ረክተው የሄዱት የሮቢት ሰዎች ናቸው፤ ምንም አልተደረገላቸውም፣ የፈለጉትም እሱኑ ነበር። በመንገድ ላይ እኛ ባንሄድ ኖሮ እያሉ ሲያወሩ ተሰምተዋል።

ማስታወሻው አለቆቿ ዘንድ ሲንከባለል ቆይቶ ተፈቀደ። ሰፊው ዲሽ የመጣው ማሽላ ከታጨደ በኋላ ነው። ኑሩም ዓርብን መጠበቅ ትቶ ሲመቸው ይደውል ጀመር። እህቴ ኮረብታውን ከዚያ ወዲህ አልወጣችውም። መንገዱ ላይ ሣር መብቀል ጀምሯል አሉኝ፤ የእሷ እግር ብቻ ነበር ለካ መንገድ ያደረገው።

ዱላዬ ግን ያው ማንጎው ሥር ቆማለች። ዘሐራ በስልክ፣ አያ ይንቀሏት እንጂ፣ ሰዎቹ ጋ ደርሷል፣ ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ ናቸው አለችኝ። ኮምፒውተሩ አይደለም የሚናገረው አልኳት፤ ሕጉ ባለቤቱ ወይም መልእክተኛው መጥቶ «ደርሶኛል» ይበል ነው የሚለው። የደቡብ ጠረፍ ሰው ቆቦ ድረስ መጥቶ ማንጎ ሥር እስኪቆም ድረስ የወይራ ዱላ አይነቀልም። እንድሪስ ልብስ ማስጫ ሊያደርጋት ሞክሮ ጌታሁን ከልክሎታል። እኔም ሌላ ዱላ አልቆረጥኩም፤ ሁለተኛ መያዝ የመጀመሪያዋን መካድ ይመስለኛል። ከቤቴ እስከ መስጊድ የነበረው ስድስት መቶ ሠላሳ እርምጃ፣ ያለ ዱላ ሰባት መቶ አምሳ ሆኗል። እርምጃዬ አጠረ ማለት ነው። መንገድ ላይም አንድ ጊዜ መቀመጥ ጀምሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ሐዋ ከጤና ኬላው ደወለችልኝ። የኑሩን ደኅንነት፣ የማሽላውን፣ የበቅሎዋን ነገር አወጋችኝ። ከዚያ የሰባት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች መጡ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ገና ናቸው» አልኳት።

መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ ስትስቅ ይሰማኛል።

«እንግዲያማ» አለች እህቴ፣ «እስኪመጡ ጉልበትህን እየቆጠርክ ቆያቸው።»